ሮማይስጥ በቅኔ ቤት

ሞጣ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ መድኃኒት ቤት አለ። እኔ ከዚያ ቤት ጀርባ ተከራይቼ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ጥሩአየሁ አካለ ወልድ ትባላለች። ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ የረጋ፣ አንድ ነገር ሲነገራት «እንዴት ሆኖ?» ሳትል የማታልፍ ሴት ናት። ስለ እሷ የማወራችሁ ዝነኛ ስለሆነች አይደለም። በሞጣና በቢቸና መካከል ስትመላለስ፣ ከሽማግሌ አባቷ ጋር ሆና፣ አንድም የሚናገረው ሰው በአካባቢያችን የሌለ ቋንቋ ስለተማረች ነው።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ የፋርማሲ ተማሪ ሳለች ነው። ሐኪም በማዘዣ ወረቀት ላይ የሚጽፋቸውን አጫጭር ፊደላት እንዲሸመድዱ ታዘዙ። «ቢ አይ ዲ» በቀን ሁለት ጊዜ፣ «ቲ አይ ዲ» በቀን ሦስት ጊዜ፣ «ኤ ሲ» ከምግብ በፊት። ክፍሉ በሙሉ ሸመደደ። ጥሩአየሁ ግን እጇን አውጥታ ፊደላቱ የየትኞቹ ቃላት መነሻ እንደሆኑ ጠየቀች፤ በእንግሊዝኛ «በቀን ሁለቴ» ሲባል እነዚህ ፊደላት የሉበትምና። መምህሩ ቃላቱ የላቲን መሆናቸውን፣ ላቲን ደግሞ የሞተ ቋንቋ ስለሆነ ልቧን እንዳታደክም ነግሮ አስቀመጣት።

«የሞተ ቋንቋ» የሚለው ነገር አልዋጥ አላት። የተወለደችው ቢቸና አጠገብ፣ አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ቅኔ በሚያስተምሩበት ግቢ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያደገችው በተማሪዎቹ ጎጆዎች መካከል ነበር። ሴት ልጅ ናትና ከጉባኤው አላስቀመጧትም፤ ጆሮዋን ግን የከለከላት አልነበረም። አፉን የሚፈታበት ሰው የሌለ ግዕዝ በዚያ ግቢ ጠዋት ማታ ይጮኻል። ተማሪው ይፎካከርበታል፣ ይሳለቅበታል፣ ይመራረቅበታል። ስለዚህ ላቲን ሞተ ሲሏት «ማን ቀበረው?» ብላ በልቧ ጠየቀችና ጥያቄዋን ይዛ ተመረቀች።

በ1986 ዓ.ም. ሞጣ ገብታ ሥራ ጀመረች። አግብታ ማስተዋል የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ይስማው የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን በደጀንና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነበር የሚያሳልፈው። እሷ ቀኑን ክኒን እየቆጠረች፣ ለአራሷም ለሽማግሌውም አወሳሰዱን እየደጋገመች ስታስረዳ ይመሻል። ላቲኑ የተረሳ ይመስል ነበር።

በ1990 ዓ.ም. መድኃኒት ልታመጣ አዲስ አበባ ሄዳ ሳለ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አነሣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ ቤት ሥዕል አለ። ጣሪያው መሐል ላይ ሆን ተብሎ ተከፍቷል፤ ዝናቡ በዚያ ገብቶ ወለሉ ላይ ባለ ገንዳ ይጠራቀማል። እኛ ዘንድ ሰው ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ሲደፍን ይሰነብታል። ዝናብ እንዲገባለት ብሎ ቤት የሚሠራ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቆማ ማንበብ ጀመረች። መጽሐፉ ለእንግሊዝ አገር ሕፃናት የተዘጋጀ የላቲን መጀመሪያ ነበር። ቤቱም የሮማውያን ቤት ነው። ይዛው ተመለሰች።

አንድ ቀን ለሳል የሚሆን ሽሮፕ ልገዛ ስገባ መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ሽሮፑን ትታ መርፌ የሚበጠበጥበትን ውሃ የያዘች ትንሽ ብልቃጥ ከመደርደሪያው አውርዳ አሳየችኝ። ብልቃጧ ላይ በደቃቅ ፊደል «አኳ» የሚል ተጽፏል። ለዓመታት በእጇ ስታገላብጠው የኖረች ቃል ናት፤ በላቲን ውሃ ማለት እንደሆነ ያወቀችው ግን በዚያ ሳምንት ነው። «ቢ አይ ዲ» ደግሞ «ቢስ ኢን ዲዬ» ነው፤ ሁለት ጊዜ በቀን። ሐኪሞች በማዘዣው ራስ ላይ የሚያሰፍሩት ምልክትም «ሬኪፔ»፣ «ውሰድ» የሚል ትእዛዝ መሆኑን ነገረችኝ። እኔ እያሳለኝ፣ እሷ እያስረዳችኝ ቆየን። ፊቷ በርቶ ነበር።

ብዙም ሳትሄድ ግን ተሰናከለች። መጽሐፉ «ልጅቷ ውሃ ትጠጣለች» ሲል «ፑኤላ አኳም ቢቢት» ይላል። ፑኤላ ልጃገረድ ናት፣ ቢቢት ትጠጣለች ነው። አኳ የነበረችው ውሃ ግን መጨረሻዋ ላይ «ም» ከየት አመጣች? መጽሐፉ ለዚህ «አኩዛቲቭ» የሚል የእንግሊዝኛ ስም ይሰጠዋል። ስሙን በመዝገበ ቃላት ስትፈልገው አጠገቡ ያገኘችው «መክሰስ» የሚለውን ትርጉም ሆነ። ውሃው ምን አጥፍቶ እንደተከሰሰ ግራ ገባት። ሞጣ ውስጥ የሚያውቅ ይኖራል ብላ ሁለት የእንግሊዝኛ አስተማሪዎችን ጠየቀች፤ አጋጥሟቸው እንደማያውቅ በቅንነት ነገሯት።

በዚያው ሰሞን አባቷን ልትጠይቅ ቢቸና ሄደች። መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠር ነበር፤ አውቶቡሱ ጉንደ ወይን ላይ ጎማው ፈንድቶ ስለቆመ መጽሐፉን እያነበበች አረፈደች። ማታ አባቷ እግራቸውን ታጥበው አረፍ ሲሉ ጥያቄዋን አነሣች። መሪጌታ አካለ ወልድ ያን ጊዜ ሰባ ዓመትን ያለፉ፣ ነጭ ሪዛቸው የተንዠረገገ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ነበሩ። ቋንቋው የማን እንደሆነ ጠየቋት። የሮማውያን መሆኑን ነገረቻቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። ጣሊያን ሲገባ እሳቸው ፊደል የጨረሱ ልጅ ነበሩ። አውሮፕላን የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን ግቢ አቃጥሎ፣ ተማሪው ሁሉ ተበትኖ፣ አንዳንዱም በዚያው ቀርቶ እንደነበር ጥሩአየሁ በጨረፍታ ሰምታለች። «ሮማን በእሳቷ ነው የማውቃት፤ ቃሏ ምን ያደርግልኛል?» አሉና ወደ መኝታቸው ገቡ። እሷም መጽሐፉን ወደ ቦርሳዋ መልሳ፣ ማንሣቴስ ለምን ብላ እየተጸጸተች አደረች።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን እሳቸው ራሳቸው ጠሯት። ፊታቸው የጥያቄ ፊት ነበር።

«ያ ቋንቋ፣ ሮማይስጥ የሚባለው ነው እንዴ?»

ጥሩአየሁ ቃሉን አታውቀውም ነበር። አባቷ አስረዷት። ጌታ ሲሰቀል ከራሱ በላይ የተቸነከረው ሰሌዳ በሦስት ቋንቋ ነው የተጻፈው፤ በዕብራይስጥ፣ በጽርዕ፣ በሮማይስጥ። ጽርዕ የግሪኮቹ ነው። ሮማይስጥ የሮማውያን መሆን አለበት፤ የፈረደው ጲላጦስ የእነሱ ሹም ነበርና። መሪጌታ ይህን ቃል ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ በሕማማት ሲያነቡት ኖረዋል። ከዚያ ቋንቋ አንዲት ፊደል እንኳ አይተው ግን አያውቁም ነበር።

መጽሐፉን ተቀብለው ገለበጡት። ፊደሉን ስለማያውቁት እሷ እያነበበች እሳቸው እየሰሙ ሄዱ። «ፑኤላ አኳም ቢቢት» ላይ ሲደርሱ ደግማ እንድትልላቸው ጠየቋትና ሣቅ አሉ። በግዕዝ «ወለት ማየ ሰትየት» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታለች? ውሃ ማይ ነው፤ ሲጠጣ ግን ማየ ይሆናል። ወለት ባለቤት ናት፣ ሰትየት ማሰሪያ ናት፣ ማየ ተሳቢ ነው።

«ግሱ ስቦት ነው መልኩ የተለወጠው» አሏት። «ውሃሽ አልተከሰሰም ልጄ፤ ተሳበ እንጂ።»

ያን ቀን ከግቢው ሳይወጡ ዋሉ። መጽሐፉ ሮማውያን ግሱን መጨረሻ ላይ እንደሚያደርጉ ሲናገር ለእንግሊዝ ልጆች እንግዳ ነገር እንዳይሆንባቸው ገጽ ሙሉ ያባብላቸዋል። አባትና ልጅ ይህን ሲያነቡ ተያዩ። በአማርኛ ግሱ ሌላ የት ሊሆን ኖሯል? አንዳንዱ ነገር ለእነሱ ከባድ፣ ለእኛ ቀላል መሆኑ ጥሩአየሁን አበረታታት። ስትሄድ አባቷ ደጅ ድረስ ሸኝተው አንድ ነገር አዘዟት። የሰሌዳውን ቃል በሮማይስጥ እንድታመጣላቸው።

መጽሐፉ የሕፃናት ስለሆነ የሚያወራው ስለ ገበያ፣ ስለ ውሻና ስለ ወታደር ነው፤ የሰሌዳው ቃል የለበትም። ስለዚህ ጥሩአየሁ ራሷ ልትሠራው ተነሣች። ንጉሥ «ሬክስ» መሆኑን ከመጽሐፉ አገኘች። የመጽሐፉ ወንዶች ሁሉ ማርኩስ፣ ኩዊንቱስ እየተባሉ በ«ኡስ» ስለሚያልቁ ናዝራዊ «ናዛሬኑስ» ቢባል ነው አለች። «የአይሁድ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጨነቃት። የአንድ ሰው ሲሆን መጨረሻው «ኢ» እንደሚሆን ተምራለች፤ የብዙ ሰዎች ሲሆን የሚያስተምረው ምዕራፍ ግን ከመጽሐፉ ተገንጥሏል። ምናልባት ቆሎ ተጠቅልሎበት ይሆናል። ቸግሯት «ኢየሱስ ናዛሬኑስ ሬክስ ዩዴኢ» ብላ ጻፈች።

በዚያው ወር ሞጣ ገበያ ላይ ውጭ አገር የታተመ የስቅለት ሥዕል ሲሸጥ አየች። ከመስቀሉ ራስ ላይ አራት የላቲን ፊደላት አሉ፤ አይ፣ ኤን፣ አር፣ አይ። እንዲህ ያለ ሥዕል ከዚያ በፊትም በየሰው ቤት ግድግዳ አይታለች፤ ፊደላቱን ግን ልብ ብላቸው አታውቅም። የሠራችው ዐረፍተ ነገር የአራቱም ቃላት መነሻ፣ በ«አይ» የሚጻፈው «ዩ» ጭምር፣ ከሥዕሉ ጋር ገጠመ። ሥዕሉን ገዝታ፣ ጠቅልላ፣ በቀጣዩ አውቶቡስ ቢቸና ወረደች።

መሪጌታ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አቅርበው አራቱን ፊደላት በጣታቸው ዳሰሱ። በእኛ ሥዕል ላይ በዚያው ቦታ «ኢ ና ን አ» ተብሎ ይጻፋል፤ ኢየሱስ ናዝራዊ ንጉሠ አይሁድ ለማለት። የሁለቱም አሠራር አንድ መሆኑ አስደሰታቸው። የልጃቸውን ዐረፍተ ነገር ካስነበቡ በኋላ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መነሻው ልክ ነው፤ መድረሻው ግን አልሆነም። ይህ የአንድ አይሁዳዊ ንጉሥ ነው የሚለው። ሕዝብ የት ሄደ?»

እሷም የጎደለውን ምዕራፍ ነገር አስረዳች። ሁለቱም የብዙውን መድረሻ ለመገመት ሞከሩ፣ ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። አዲስ አበባ ያሉ የካቶሊክ ካህናት እንደሚያውቁ ሰምታ ልትጠይቅ አስባ ነበር። ነገር ግን በመሐል አንድ ወሬ ተነሣ።

በመሪጌታ ጉልበት ላይ የፈረንጅ መጽሐፍ ያየ አንድ የአጥቢያው ሰው፣ ልጅቷ ከሞጣ የሮማን ሃይማኖት ይዛ መጥታ አባቷን ልታስክድ ነው ብሎ አወራ። በጎጃም የሮማ ሃይማኖት ስም ከጥንት ጀምሮ በበጎ አይነሣም። ወሬው ከግቢ ግቢ አልፎ ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ጉባኤ ለመውሰድ ያሰቡ ወላጆች ሁሉ ተገኙ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መሪጌታን ጠሩ። ሰብሳቢው የልጅነት ጓደኛቸው ቄስ ገብረ ኪዳን ነበሩ። ጥሩአየሁም ከሞጣ መጥታ ከአባቷ ጎን ቆመች። አባቷ ከመምህርነት ወንበራቸው ቢነሡ በእሷ ጥያቄ የተነሣ መሆኑን እያሰበች እንደነበር ነግራኛለች።

ቄስ ገብረ ኪዳን በአክብሮት ጠየቁ። መሪጌታ የሮማይስጥ መጽሐፍ ያነባሉ የሚባለው እውነት ነው ወይ? መሪጌታም እውነት መሆኑን መለሱ። ጉባኤው ተንሾካሾከ። ያን ጊዜ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጌታ ከራሱ በላይ ሲቸነከር ያልከለከለውን ጽሑፍ እኔ ጉልበቴ ላይ ባኖረው ይፈረድብኛል?»

ቄስ ገብረ ኪዳን ሰሌዳው ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ በዚያ ቋንቋ መስማት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ጥሩአየሁ እስከ ሦስተኛው ቃል አነበበች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ገና እርግጠኛ ስላልሆነች መድረሻውን እንደማታውቀው ተናገረች። አባቷ እንደሚሉት ጉባኤውን ያረጋጋው የእሳቸው መልስ ሳይሆን ይህ ነው፤ ሃይማኖት ሊሰብክ የመጣ ሰው አላውቅም አይልምና። መጽሐፉ ተፈቀደ፤ ከካቶሊክ ካህናት ጋር መነጋገሩ ግን እንዲቀር ተመከሩ። እሷም ቃሏን ሰጠች። ስለዚህ የዚያች ቃል መድረሻ ለረጅም ዓመታት እንዳልታወቀ ቆየ።

ትምህርቱ ግን አልቆመም። ለፋሲካ ቢቸና በሄደች በአንዱ ዓመት፣ አባቷ በወጣትነታቸው መምህራቸውን ጠይቀው ያልተመለሰላቸውን ነገር አጫወቷት። ጌታ በፈሪሳዊው ቤት ለማዕድ ሳለ፣ አንዲት ሴት በስተኋላው ቆማ እግሩን በእንባዋ አጠበች ይላል ምንባቡ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ከፊቱ ነው። ከኋላው የቆመች ሴት እግሩን እንዴት ታገኘዋለች? መምህራቸው «ምሥጢር ነው» ብለው አልፈውት ነበር።

ጥሩአየሁ መጽሐፉን ከፍታ አንድ ሥዕል አሳየቻቸው። ሮማውያን ራት ሲበሉ የሚያሳይ ነው። ዝቅ ባለ ገበታ ዙሪያ በሦስት በኩል ሰፋፊ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ እንግዶቹ በግራ ክርናቸው ተደግፈው በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ራሳቸው ወደ ገበታው፣ እግራቸው ወደ ኋላ። አሽከሮቹ ከእግራቸው በኩል ቆመዋል። ሮማውያን በገዙት አገር ሁሉ ይህ የአበላል ወግ እንደነበረ መጽሐፉ ይናገራል።

መሪጌታ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አዩት። ቀጥለው ተነሡና መደቡ ላይ ወጥተው በግራ ክርናቸው ተጋደሙ። ጥምጥማቸው ዘመም አለ። ልጃቸውን በእግራቸው በኩል እንድትቆም አዘዟት። ቆመች። ከኋላቸው ነበረች፤ እግራቸውም እጇ ሥር ነበር።

«ረፈቀ» አሉ ለራሳቸው። በግዕዙ ምንባብ ያለው ቃል ይህ ነው፤ ተጋደመ፣ ተደገፈ ማለት ነው። ይህን ቃል ለተማሪ ሲፈቱት የኖሩት «ለማዕድ ተቀመጠ» እያሉ ነበር። ቃሉ ሁሉን ነገር ቀድሞ ተናግሮት ኖሯል። ተጋድመው ሳለ ሁለት ተማሪዎች ለጥያቄ መጥተው የኔታን በዚያ ሁኔታ አገኟቸው። ታመው መስሏቸው ሊያነሷቸው ሮጡ። ጥሩአየሁ ይህን ስትነግረኝ በሣቅ እንባዋ መጣ።

ከሁሉ በላይ ግን ቅኔ አዋቂውን የማረካቸው «ማሉም» የምትባል ቃል ናት። በላቲን ማሉም ክፉ ነገር ማለት ነው፤ ማሉም ፖምም ማለት ነው። ልዩነቱ «ማ» ላይ ነው፤ ፖም ሲሆን ድምፁ ይሳባል፣ ክፉ ሲሆን ያጥራል። መጽሐፉም በሚሳበው ላይ ትንሽ ሰረዝ ያደርግበታል። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ተማሪዎቻቸውን ጠርተው ሰበሰቡ። እኛ ገና ስንል፣ አጥብቀን የልደትን በዓል፣ አላልተን ደግሞ ጊዜው አልደረሰም እንላለን። በማጥበቅና በማላላት ስንቱ ኅብር ተገኝቷል? እነዚያም በመሳብና በማሳጠር ያገኙታል ማለት ነው። ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ መስሏቸው ለኖሩት ሽማግሌ ይህ እንደ ዘመድ መገኘት ነበር። በሳምንቱ ማሉምን ያስገቡበት ቅኔ ቆጠሩ ይባላል። እኔ ቅኔ አላውቅምና ልነግራችሁ አልችልም።

ዓመታት ሄዱ። የመሪጌታ ዓይን ደከመ፤ መጽሐፉን የሚያዩት በልጃቸው አንደበት ብቻ ሆነ። ሮማውያን ማን ማንን ይዳኝ እንደነበር፣ ለምን በየመታጠቢያ ቤቱ እየተሰበሰቡ ወሬ እንደሚያወሩ፣ ባሪያ ነፃ ሲወጣ ለምን ቆብ እንደሚደፋ ጠይቀው ያልጨረሱት ነገር የለም። ለአንዳንዱ መልስ ነበረ፤ ለአብዛኛው አልነበረም።

በ2005 ዓ.ም. ማስተዋል ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ለእረፍት ሞጣ መጣች። ኢንተርኔት ያለው ስልክ ይዛ ነበር። ኔትወርኩ ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ካለው ደረጃ ላይ ሲቆም ነው የሚሠራው። እናቷ እንደ ቀልድ አራቱን የሥዕል ፊደላት እንድትፈልግላት ጠየቀቻት። እኔ ያን ጊዜ አጠገባቸው ነበርኩ። ስልኩ ሲያስብ ቆይቶ ጽሑፉን አወጣ። ጥሩአየሁ መነጽሯን አስተካክላ አነበበች፤ ኢየሱስ ናዛሬኑስ ሬክስ ዩዴዎሩም። «ኦሩም» አለች ቀስ ብላ። ያ ሁሉ ዓመት የጠፋው ምዕራፍ በዚያች መድረሻ ውስጥ ነበረ። ልጇ ፈለግ አድርጋ የሴቶቹንም አገኘችላት፤ ለወንዶች ኦሩም፣ እንደ ፑኤላ ላሉት አሩም። ያኔ ቃል የሰጠችው ካህናትን ላለመጠየቅ ነበር፤ ስልክ መጠየቅን የከለከላት ሰው የለም።

ማስተዋል ወዲያው ለአያቷ እንድትደውል ስልኩን ዘረጋችላት። ጥሩአየሁ ግን ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም ብላ በማግስቱ መድኃኒት ቤቱን ለረዳቷ ለይርጋነሽ ትታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

አባቷ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ተማሪዎቹ ከበዋቸው ነበር። ቃሉን ነገረቻቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ደጋግመው አሉት። ከዚያ በጣታቸው ጭናቸውን እየመቱ ግዕዙን ከጎኑ አቆሙት። ንጉሠ አይሁድ። በግዕዝ ሁለቱ ስሞች ሲናበቡ የሚለወጠው የመጀመሪያው ነው፤ ንጉሥ ንጉሠ ይሆናል፤ አይሁድ ግን እንዳለ ይቆያል። በሮማይስጥ ሬክስ እንዳለ ይቆማል፤ የሚለወጠው አይሁድ ነው። ሽማግሌው ይህን እንዳወቁ ፊታቸው በራ።

«እኛ ንጉሡን ለሕዝቡ እናስጎነብሳለን፤ ሮማውያን ግን ሕዝቡን ለንጉሡ ያስጎነብሳሉ» አሉ።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሰዋስው ነገር መስሏቸው ነበር፤ ወርቁ ሲገባቸው አንድ ላይ ሳቁ። ቄስ ገብረ ኪዳንም በሕይወት ነበሩና መጥተው እንዲሰሙት ተላከባቸው። እሳቸውም በምርኩዝ እያዘገሙ መጥተው ጥሩአየሁ አራቱንም ቃል ስታነብ ሰሙ። በዚያን ጉባኤ ያልጨረሰችውን ጨርሳለችና መረቋት።

መሪጌታ አካለ ወልድ ከሁለት ዓመት በኋላ በጽጌ ወር አረፉ። የተቀበሩት ባገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ጥሩአየሁ ከቀብሩ ተመልሳ ለረጅም ጊዜ መጽሐፉን አልነካችም። የምትጠይቀው ቢኖራትም የምትነግረው አልነበረም። ሞጣ ውስጥ አዲስ ቃል ስታገኝ የምትይዘው አውቶቡስ እንደሌለ ሲሰማት ነበር ሐዘኑ የሚበረታባት።

መልሳ ያስጀመረቻት ይርጋነሽ ናት። ይርጋነሽ ሳቂታ፣ ገና በሃያዎቹ ያለች የመድኃኒት ባለሙያ ናት። እሷም በትምህርት ቤቷ እነዚያኑ ፊደላት ሸምድዳ ነው የመጣችው። አንድ ቀን ከማዘዣ ላይ ቀና ብላ «ጥሩዬ፣ ይህ ግን ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥሩአየሁ ከባንኮኒው ሥር መጽሐፉን አወጣች። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ በማይበዛበት ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አብረው ያነባሉ። ይርጋነሽ ግዕዝ ስለማታውቅ ጥሩአየሁ ተሳቢን የምታስረዳት ራሷ ባወጣችው መንገድ ነው፤ በአማርኛ «ውሃውን» ስንል የምትጨመረውን «ን» እያሳየች።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት እኔም ከዝናብ ተጠልዬ ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ነበር። ስለ ሮማውያን ስም የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ነበሩ። የሮማ ወንድ ልጅ ሦስት ስም አለው። ሴት ልጅ ግን የምትጠራው በአባቷ ቤተሰብ ስም ነው፤ የዩሊዩስ ወገን ሴት ልጅ ዩሊያ ናት። ሁለተኛ ሴት ቢወለድም ዩሊያ ናት። ትልቋ ዩሊያ፣ ትንሿ ዩሊያ ይሏቸዋል፤ ሦስተኛዋ ስትመጣ «ተርቲያ»፣ ሦስተኛ ይሏታል። ጥሩአየሁ ይህን ስታነብ ተቆጣች። የእሷ ስም የወጣው እናቷ ከከባድ ምጥ በኋላ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ በተናገረችው ቃል ነው። እያንዳንዷ ሴት እንዲህ ያለ የራሷ ታሪክ ሊኖራት ሲገባ ቁጥር ይሰጧታል? ቤት ሲሠሩ፣ መንገድ ሲጠርጉ፣ ሕግ ሲጽፉ እንዲያ የተራቀቁ ሰዎች ይህን ለምን ነፈጓቸው?

ይርጋነሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር ያሳሰባት። ሦስቱም ዩሊያዎች ቤት ውስጥ ሳሉ እናትየዋ አንዷን ብቻ መጥራት ብትፈልግ ምን ብላ ትጣራ ነበር?

ጥሩአየሁ ገጹን ገልብጣ አየች፤ መልሳም አየች።

«መጽሐፉ አይልም» አለች። «ግን የቤት ስም ሳይኖራቸው አይቀርም። እናት መቼም ልጇን በቁጥር አትጠራም።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ እየወረደ ነበር። ማዘዣ የያዘች ሴት ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ይርጋነሽ ተነሥታ ተቀበለቻት፤ ጥሩአየሁም ሦስቱ ዩሊያዎች በቁልምጫ ምን ምን ይባሉ እንደነበር እያሰላሰለች ቀጣዩን ገጽ ገለጠች።